«ገና ባልተመረተ ባትሪ ላይ የዕቁብ ገንዘቤን ላውል?»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ውድ የዝግጅት ክፍል፣ እንደምን ከርማችኋል? እኔ በሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምኖር የከባድ ጭነት መኪና አሽከርካሪ ነኝ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ለኤሌክትሪክ ጭነት መኪኖች የሚሆን አዲስ ዓይነት ባትሪ ስለሚሠራ ኩባንያ ካጫወተኝ ወዲህ ሐሳቤ ሁሉ እዚያው ነው። ባትሪው በ15 ደቂቃ ኃይል ይሞላል ይባላል፤ አንድ ትልቅ የመኪና አምራች የመግባቢያ ስምምነት ተፈራርሞታል፤ ፋብሪካውም ከሁለት ዓመት በኋላ ማምረት ይጀምራል ተብሏል። አክሲዮኑ አምና 24 ዶላር ነበር፣ ዛሬ 8 ዶላር ወርዷል። ከዓመታዊ ሪፖርቱ እንዳየሁት ኩባንያው 350 ሚሊዮን አክሲዮኖችና 280 ሚሊዮን ዶላር ጥሬ ገንዘብ አለው፤ ባለፈው ዓመት ከካዝናው የወጣው የተጣራ ገንዘብ 210 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን የሸጠው ግን የ4 ሚሊዮን ብቻ ነው። በወር 1,000 ዶላር የምንጥልበት የ20 ሰው ዕቁብ አለን፤ በሦስተኛው ዙር ዕጣ ስለወጣልኝ 20,000 ዶላር በእጄ ይገኛል። ባለቤቴ ግን «ላም አለኝ በሰማይ» እያለች አላስቀምጥ ብላኛለች። ሦስት ነገር ልጠይቅ። እንዲህ ያለው ኢንቨስትመንት ምን ያህል በግምት ላይ የቆመ እንደሆነ በምን ይታወቃል? ዋጋው ወደ ሲሶ መውረዱ ረክሷል ማለት አይደለም ወይ? ከገንዘቤስ ስንቱን ባውል ይመከራል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ቁጥሮቹን ከሪፖርቱ ውስጥ ፈልገው አውጥተው ስለላኩልን ከልብ እናመሰግናለን። በዚህ ርዕስ የሚደርሱን አብዛኞቹ ደብዳቤዎች የአክሲዮኑን የዕለት ዋጋና የወዳጅን ምክር ብቻ የያዙ በመሆናቸው የእርስዎ ደብዳቤ ለመልስ በጣም የተመቸ ነው። የኩባንያውን ስም ሆን ብለን አላወጣነውም። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታትም በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያው ጥያቄ እንጀምር። ግምቱ የሚለካው ከሚከፍሉት ዋጋ ውስጥ ዛሬ በእጅ ያለው ስንት፣ ገና ይሆናል ተብሎ የሚጠበቀው ደግሞ ስንት እንደሆነ ለይቶ በማየት ነው። ከእርስዎው ቁጥር ስንነሣ፣ 280 ሚሊዮኑን ዶላር ለ350 ሚሊዮን አክሲዮን ብናካፍል ለእያንዳንዱ 80 ሳንቲም ይደርሰዋል። ኩባንያው አንድም ዕዳ የለበትም ብለን ብንወስድ እንኳ፣ ከሚከፍሉት 8 ዶላር ውስጥ ባንክ ቤት ተቀምጦ የሚገኘው ይኸው 80 ሳንቲም ነው። ማሽኖቹ፣ ቤተ ሙከራውና የፈጠራ ባለቤትነት መብቶቹ ዋጋ የላቸውም አንልም፤ ነገር ግን ባትሪው ለገበያ ሳይበቃ ቢቀር እነዚህ ሁሉ በሐራጅ የሚያወጡት ከተገዙበት በእጅጉ ያነሰ እንደሚሆን መጠበቅ ይገባል። ስለዚህ ከ8 ዶላሩ ውስጥ ትልቁ ክፍል ገና ላልተመረተ ባትሪ የሚከፈል ነው። የባለቤትዎ ተረት ያለ ቦታው አልተነገረም፤ ላሟ የለችም ለማለት ባንደፍርም፣ አሁን የሚከፈለው ዋጋ ግን ወተቷ ታልቦ የተሸጠ ያህል ሆኖ ነው የተተመነው።

ይህን በሌላ ስሌት ማየት ይቻላል። በዛሬው ዋጋ ኩባንያው በጠቅላላው 2.8 ቢሊዮን ዶላር ያወጣል። አንድ የደረጀና ትርፋማ አምራች በዓመታዊ ትርፉ 20 እጥፍ ይገመታል ብንል፣ ይህም ለባትሪ አምራች ለጋስ ግምት ነው፣ ዋጋው ትክክል እንዲሆን ኩባንያው በዓመት 140 ሚሊዮን ዶላር ማትረፍ አለበት። ከሽያጩ አንድ አሥረኛው ትርፍ ሆኖ ቢቀርለት ደግሞ 1.4 ቢሊዮን ዶላር መሸጥ ይኖርበታል፤ ይህም የአምናው ሽያጭ 350 ጊዜ ተባዝቶ ማለት ነው። እዚህ ላይ በደንብ ሊታሰብበት የሚገባው ነገር፣ ይህ ሁሉ ቢሳካ የሚደረሰው ዛሬ እርስዎ በሚከፍሉት 8 ዶላር ላይ መሆኑ ነው። እርስዎ እንዲያተርፉ ከዚህም በላይ መሄድ አለበት፣ እስከዚያም ዓመታት ያልፋሉ።

በመካከል ያሉት «ከሆነ»ዎችም መቆጠር አለባቸው። በቤተ ሙከራ በትንሹ የሠራው ባትሪ በፋብሪካ በብዛት ሲመረት ያው ሆኖ ከተገኘ፤ ፋብሪካው በተባለው ጊዜ ከተጠናቀቀ፤ እስከዚያ የሚያደርስ ገንዘብ ከተገኘ፤ ስምምነት የፈረመው የመኪና አምራች በእርግጥ ከገዛ፤ በዚህ መሐል ደግሞ ሌላ አምራች ዛሬ ባለው ባትሪ ላይ ጥቂት አሻሽሎ በርካሽ ካልቀደመ። እያንዳንዳቸው የመሳካት ዕድላቸው ከመቶ 70 ነው ብንል፣ ያ ደግሞ ለአዲስ ሥራ መልካም ዕድል ነው፣ አምስቱም በአንድነት የመሳካት ዕድላቸው ከመቶ 17 ገደማ ብቻ ይሆናል። ሰው አንዱን በአንዱ ላይ ሳያባዛ እያንዳንዱን ብቻ እያየ «ይህማ ይሆናል» ስለሚል ነው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው።

ከአምስቱ ውስጥ ለባለአክሲዮን ቅርብ የሆነው የገንዘቡ ጉዳይ ስለሆነ ጥቂት እናብራራው። በዓመት 210 ሚሊዮን የሚወጣበት ኩባንያ 280 ሚሊዮን ይዞ የሚቆየው 16 ወር ነው። ፋብሪካው የሚጀምረው ግን ከ24 ወር በኋላ ነው፤ የፋብሪካ ግንባታ ደግሞ ወጪን ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ትርፍ ለሌለው ኩባንያ ባንክ በቀላሉ ስለማያበድር፣ የቀረው መንገድ አዳዲስ አክሲዮኖችን አውጥቶ መሸጥ ይሆናል። ተጨማሪ 420 ሚሊዮን ዶላር ያስፈልገዋል እንበል። ዋጋው 8 ዶላር እንዳለ ቢቆይ 52.5 ሚሊዮን አዲስ አክሲዮን ያወጣል፤ ዋጋው ወደ 4 ዶላር ቢወርድ ግን 105 ሚሊዮን ማውጣት ይኖርበታል። በዚህ በሁለተኛው ሁኔታ የእርስዎ 2,500 አክሲዮኖች ቁጥራቸው ባይቀንስም፣ ከኩባንያው ላይ የሚኖርዎት ድርሻ በ23 በመቶ ይሳሳል። ባትሪው ቢሳካ እንኳ የሚካፈሉት ከበፊቱ ከበዛ ሕዝብ ጋር ነው። ቴክኖሎጂው እውነት ሆኖ ባለአክሲዮኑ ሊከስር የሚችልበት ዋነኛ መንገድ ይህ በመሆኑ፣ የምርቱን ዜና ብቻ የሚከታተል ሰው ጉዳቱ ከየት እንደመጣበት እንኳ አያውቅም።

ስምምነት የሚለውን ቃል በተመለከተ ደግሞ የእርስዎን ሙያ የሚነካ ታሪክ እናንሣ። ኒኮላ የተባለው የኤሌክትሪክና የሃይድሮጂን ጭነት መኪና ኩባንያ በሰኔ 2020 ወደ አክሲዮን ገበያ ሲገባ ዋጋው በጥቂት ቀናት ውስጥ ተተኩሶ፣ ለአጭር ጊዜም ቢሆን ከፎርድ አጠቃላይ የገበያ ዋጋ በልጦ ነበር። በዚያው ዓመት በሁለተኛው ሩብ ዓመት ያስመዘገበው ገቢ 36,000 ዶላር ሲሆን፣ እሱም ለራሱ ለመሥራቹ ለትሬቨር ሚልተን ከተሠራ የፀሐይ ኃይል መሣሪያ ተከላ የተገኘ ነበር። 14,000 መኪኖች ታዝዘውልኛል ይል ነበር፤ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ባቀረበው ሰነድ ላይ ግን ትእዛዙን ደንበኛው በፈለገ ጊዜ ያለ ቅጣት ሊሰርዘው እንደሚችል ተጽፏል። በ2018 ኩባንያው ያወጣው ፊልም ነጭ ከባድ መኪና በበረሃ መንገድ ላይ ሲገሰግስ ያሳያል። በመስከረም 2020 ሂንደንበርግ ሪሰርች የተባለ ድርጅት ባወጣው ዘገባ፣ በኋላም በፍርድ ቤት እንደተረጋገጠው፣ ያ መኪና በራሱ ኃይል አልተንቀሳቀሰም፤ ተጎትቶ ከዳገቱ አናት ከደረሰ በኋላ ቁልቁለቱን እንዲንከባለል ተለቆ ነው የተቀረጸው። በፎሌ የሚወርድ መኪና ከሩቅ ለሚያይ ሰው የሚሠራ መኪና እንደሚመስል ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም።

ዘገባው ከመውጣቱ ከሁለት ቀን በፊት ጄኔራል ሞተርስ የኒኮላን 11 በመቶ ድርሻ እንደሚይዝ ተገልጾ አክሲዮኑ በአንድ ቀን በእጅጉ ንሮ ነበር። በኅዳር መጨረሻ ያ ስምምነት ድርሻ መያዙ ቀርቶ አስገዳጅ ወዳልሆነ የመግባቢያ ሰነድ ወረደ። ሚልተን በ2022 በማጭበርበር ጥፋተኛ ተብሎ በ2023 የአራት ዓመት እስራት ተፈረደበት፣ በ2025 ደግሞ በፕሬዚዳንቱ ይቅርታ ተደረገለት። ኩባንያው ከእሱ መውጣት በኋላ በአሪዞና እውነተኛ መኪኖችን ሠርቶ ሸጧል፤ ሆኖም አንዱን ለመሥራት የሚያወጣው ከሚሸጥበት ይበልጥ ስለነበር በየካቲት 2025 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ከዚህ ታሪክ ውስጥ ለእርስዎ የሚጠቅመው የማጭበርበሩ ክፍል ብቻ አይመስለንም። ትእዛዙ ሊሰረዝ እንደሚችልና ገቢው ከምንም የማይቆጠር እንደነበር ዘገባው ከመውጣቱ በፊት ማንም በነፃ ሊያነበው በሚችል ሰነድ ላይ ሰፍሮ ነበር። የእርስዎም ኩባንያ ሰነዶች የአክሲዮን ገበያውን በሚቆጣጠረው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት በኤስኢሲ ድረ ገጽ፣ ኢድጋር በሚባለው መዝገብ ውስጥ አሉ። የመኪና አምራቹን ስምምነት ፈልገው ያንብቡና «ኖን ባይንዲንግ» የሚል ቃል እንዳለበት ይመልከቱ፤ ካለበት፣ አምራቹ አንድ ባትሪ እንኳ የመግዛት ግዴታ የለበትም። በዚያው ዓመታዊ ሪፖርት ላይ የሥጋት ዝርዝሩ ውስጥ «ጎይንግ ኮንሰርን» የሚለውን ይፈልጉ፤ አስተዳደሩ ወይም ኦዲተሩ ኩባንያው ሥራውን መቀጠሉን እንደሚጠራጠር የሚገልጽ ከሆነ፣ ሌላውን ስሌት ሁሉ ትተው እዚያው ላይ ቢያቆሙ ይሻላል። ኃላፊዎቹ የራሳቸውን አክሲዮን ሲሸጡ የሚያሳውቁበት ፎርም 4 የተባለውም ቅጽ እዚያው ይገኛል።

ማንም ሳያጭበረብርም ግምት ራሱ ብቻውን ብዙ ሊያስከፍል ይችላል። ኳንተምስኬፕ የተባለው ኩባንያ በ2010 ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ምርምር የወጣ፣ ቮልስዋገን ገንዘብ ያፈሰሰበት፣ በፈሳሽ ፋንታ ጠጣር ቁስ የሚጠቀም ባትሪ የሚሠራ ነው። ሥራው እውነተኛ ምርምር መሆኑን ማንም በቁም ነገር አልካደም። ያም ሆኖ በታኅሣሥ 2020 ከ130 ዶላር በላይ ደርሶ የነበረው አክሲዮኑ በ2022 መጨረሻ ከ10 ዶላር በታች ነበር። በጥር 2025 ደግሞ የኮምፒውተር ቺፕ ኩባንያው የኤንቪዲያ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ጄንሰን ሁዋንግ፣ ገና በምርምር ላይ ያሉት ኳንተም የተባሉ አዲስ ዓይነት ኮምፒውተሮች በእጅጉ ጠቃሚ እስኪሆኑ ከ15 እስከ 30 ዓመት ሊወስዱ እንደሚችሉ በመናገራቸው ብቻ፣ አዮንኪውን የመሳሰሉ የዘርፉ ኩባንያዎች አክሲዮን በአንድ ቀን ከሲሶ በላይ ወደቀ። በቤተ ሙከራዎቹ ውስጥ በዚያ ቀን የተለወጠ ምንም ነገር አልነበረም። ዋጋው ሙሉ በሙሉ በወደፊቱ ላይ የተንጠለጠለ አክሲዮን የአንድ ሰው ቃል እንኳ እንዲህ ያናጋዋል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስንመጣ መልሳችን አጭር ነው። 24 ዶላር የነበረ ነገር 8 ዶላር ስለሆነ ረክሷል አይባልም፤ አምናም ተጋንኖ፣ ዛሬም ተጋንኖ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ አማዞንን ይጠቅሳል፤ እውነትም አማዞን ከ1999 መጨረሻ እስከ 2001 ባለው ጊዜ ከዋጋው ከ90 በመቶ በላይ አጥቶ ነበር፣ በዚያን ጊዜ የገዙትም በልጽገዋል። ነገር ግን አማዞን በ2000 የ2.76 ቢሊዮን ዶላር ዕቃ የሸጠ ኩባንያ ነበር። በተጨማሪም ገበያው ሊፈርስ አንድ ወር ሲቀረው፣ በየካቲት 2000 በአውሮፓ 690 ሚሊዮን ዩሮ ተበድሮ ስለነበር የክፉውን ጊዜ ስንቅ ይዞ ነው የገባበት። የወደቀ አክሲዮን ሲያዩ የሚጠየቀው ኩባንያው ዛሬ ምን እየሸጠ እንደሆነና ያለው ገንዘብ ስንት ወር እንደሚያቆየው ነው። የእርስዎ ኩባንያ በሁለቱም መልሱ ደካማ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄዎ ከሁሉም በላይ ያሳሰበን ነው። 20,000 ዶላሩን «ገንዘቤ» ብለው ጽፈዋል። የዕቁቡን ሂሳብ ግን አብረን እንየው። ዕጣው በሦስተኛው ዙር ሲወጣልዎ እርስዎ የጣሉት 3,000 ዶላር ብቻ ነበር፤ የቀረው 17,000 ዶላር የሌሎቹ ዕቁብተኞች ገንዘብ ሲሆን በሚቀጥሉት 17 ወራት በየወሩ 1,000 ዶላር እየጣሉ ይመልሱታል። ይህ በማንኛውም የሂሳብ አያያዝ ብድር ነው፤ ወለድ ስለሌለው ብቻ ብድርነቱ አይቀርም። ዕጣው ሲወጣልዎ የጠሩት ዋስም አለ። ዕቁብ ሲጓደል የሚጠየቀው ያ ዋስ ነው፤ ምናልባትም የአንድ አጥቢያ ሰው፣ ምናልባትም የልጅዎ የክርስትና አባት። በሲልቨር ስፕሪንግና በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ያሉ ዕቁቦቻችን ያለ ሕግ ጠበቃ፣ ያለ ባንክ ማስያዣ ለዓመታት ሲንቀሳቀሱ የኖሩት በዚህ መተማመን ላይ ብቻ ስለሆነ፣ የመሳካት ዕድሉ ከስድስት አንድ የሆነን ነገር በእሱ ላይ ማቆም ልክ አይመስለንም። የጭነት መኪናዎ ተበላሽቶ ሁለት ወር ቢቆሙና አክሲዮኑ በዚያን ጊዜ 4 ዶላር ቢሆን፣ ዕቁቡን ለመጣል በኪሳራ መሸጥ ግድ ይልዎታል። ባለአክሲዮን ትዕግሥት የሚኖረው ለመሸጥ ካልተገደደ ብቻ ነው።

ስለዚህ ቁርጡን ከጠየቁን፣ ዕቁቡ እስኪያልቅ ድረስ ከዚህ ገንዘብ በዚህ ኩባንያ ላይ ምንም ባያውሉ እንመክራለን። በቴክኖሎጂው ከልብ ካመኑበት፣ ከደመወዝዎ ላይ ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ የቤት ኪራይዎን፣ ዕቁብዎንና ወደ አገር ቤት የሚልኩትን የማይነካ ገንዘብ፣ ለምሳሌ በየሦስት ወሩ 200 ዶላር፣ ሪፖርት በወጣ ቁጥር እያነበቡ ሊያስገቡ ይችላሉ። በስልክዎ ላይ ያለው መተግበሪያ ከራስዎ ገንዘብ በላይ እንዲገዙ «ማርጂን» የሚባል ብድር ሲያቀርብልዎ አይቀበሉ፤ በዕቁብ ብድር ላይ ሌላ ብድር ይሆናል። ለባለቤትዎም ይህን ሂሳብ ቁጭ ብለው በወረቀት ላይ ቢያሳዩአቸው መልካም ነው፤ ጥርጣሬያቸው ከእርስዎ ቁጥሮች ጋር የሚገጥም ነውና።

በሚቀጥለው የሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ ሁለት ቁጥሮችን ይፈልጉ። ጥሬ ገንዘቡ እስከ አሁን በነበረው ፍጥነት ከወጣ 227 ሚሊዮን ዶላር ገደማ መሆን አለበት፤ ከዚያ በብዙ ካነሰ ወጪው ፈጥኗል፣ 16 ወሩም አጥሯል። ከዚያ በልጦ ካገኙት ደግሞ ሳይደሰቱ በፊት የአክሲዮኑን ብዛት ይዩ። ከ350 ሚሊዮን አልፎ ከሆነ ገንዘቡ የተገኘው አዳዲስ አክሲዮኖች ተሸጠው ሳይሆን አይቀርም፤ በስንት ዶላር እንደተሸጡም እዚያው ሪፖርት ላይ ተጽፎ ያገኙታል። ቁጥሮቹን ከላኩልን ስሌቱን በዚሁ ዓምድ እንቀጥላለን።